12 ባይት ነው ወይስ 16? የድራይቨር ጥያቄዎቻችሁ

ሰሞኑን የደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ አንድ ጉዳይ ላይ ናቸው፦ ባለ 32 ቢት ፕሮግራም ባለ 64 ቢት ሊኑክስ ከርነል (የሲስተሙ እምብርት) ላይ ሲሠራ ድራይቨሩ (መሣሪያን የሚያሠራው ኮድ) እንዴት ያስተናግደው?

በዚህ ዘመን ባለ 32 ቢት ፕሮግራም የሚጠቀም ሰው አለ ወይ?

አለ። የቆዩ ጌሞች አሉ፣ ምንጭ ኮዳቸው የጠፋ ፕሮግራሞች አሉ። ትናንት ይሠራ የነበረ ፕሮግራም በከርነል ለውጥ ምክንያት ዛሬ መቆም የለበትም።

አንድ ወጣት ፕሮግራመር የድራይቨር ፓች (የኮድ ለውጥ) ገምግም ተብሏል። ፓቹ ለ32 ቢት ፕሮግራሞች የተኳኋኝነት ኮድ ይጨምራል። «አነበብኩት፣ ስህተት አላየሁም፣ ግን ልፈርምበት ፈራሁ» ይላል።

መፍራትህ ደግ ነው። ይህ ኮድ በንባብ ብቻ አይገመገምም።

ወረቀትና እስክሪብቶ አንሳ። ከፕሮግራሙ ወደ ድራይቨሩ የሚያልፈውን ስትራክት (በቅደም ተከተል የተደረደረ የዳታ ጥቅል) ጻፍና ባይቱን ቁጠር። መጀመሪያ ባለ 4 ባይት ቁጥር፣ ቀጥሎ ባለ 8 ባይት ቁጥር ቢኖረው ድምሩ ስንት ነው? 12 ካልክ ባለ 32 ቢት ኢንቴል ፕሮሰሰር ላይ ልክ ነህ። ባለ 64 ቢቱ ላይ ግን 16 ነው፤ ትልቁ ቁጥር ለ8 የሚካፈል ቦታ ላይ እንዲጀምር ኮምፓይለሩ መሃል ላይ 4 ባይት ክፍት ይተዋል። ባለ 32 ቢት አርም ፕሮሰሰር ላይም 16 ነው። ስለዚህ የፓቹ ጸሐፊ «አርም ላይ ሞክሬዋለሁ፣ ይሠራል» ቢልህ አትቀበለው።

ፕሮግራም ድራይቨሩን የሚያዝዘው አዮክትል በሚባል ጥሪ ነው። የአዮክትል ትእዛዝ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ የስትራክቱን መጠን በውስጡ ይይዛል። መጠኑ ሲለያይ ቁጥሩም ይለያያል፣ ድራይቨሩም «አላውቀውም» ብሎ ስህተት 25 ይመልሳል። ይሄ ቢያንስ ይታያል። ትእዛዛቸውን በእጅ የቆጠሩ የቆዩ ድራይቨሮች ግን ምንም ሳይሉ ከተሳሳተ ቦታ ያነባሉ። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ይሄኛው ነው።

ፖይንተር (የማህደረ ትውስታ አድራሻ) እና ሎንግ የሚባለው የቁጥር ዓይነትም በ32 ቢት 4፣ በ64 ቢት 8 ባይት ናቸው። ድራይቨሩ ገና ካልተለቀቀ ሁለቱም ከስትራክቱ እንዲወጡ ጠይቅ። ፖይንተሩ በዩ64 (ሁልጊዜ 8 ባይት በሆነ ቁጥር) ይለፍ። ክፍቱ ቦታ ስም ይሰጠውና ዜሮ መሆኑ ይፈተሽ። ያኔ ሁለቱም ወገን አንድ ዓይነት ስትራክት ያያሉ፤ በከርነል 5.5 የመጣችው፣ የ32 ቢቱን ጥሪ ወደ ተለመደው አዮክትል የምታሳልፈው ኮምፓት_ፒቲአር_አዮክትል የተባለች ፋንክሽን በአንድ መስመር ትበቃለች። የተለቀቀ ከሆነ ግን ስትራክቱን መንካት አይቻልም፣ የ32 ቢቱን ስትራክት ወደ 64 ቢቱ የሚቀይር ኮድ የግድ ነው።

ፓቹ የሚያጠፋቸውን መስመሮችም እይ። እ.ኤ.አ. በ2007 ባለ 32 ቢት ፕሮግራም ወደ ከርነሉ በሚገባበት በር ላይ ቀዳዳ ተገኘ። የሬጂስተሩ (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለ ቁጥር መያዣ) የላይኛው ግማሽ በትክክል ስለማይጸዳ ተራ ተጠቃሚ ሩት (ሙሉ ሥልጣን ያለው ተጠቃሚ) መሆን ይችል ነበር። ተዘጋ። በ2008 በሌላ ለውጥ መከላከያው ተነሳ። በ2010 ያው ቀዳዳ እንደገና ተገኘ! ይህ የድራይቨር ኮድ አይደለም፣ ግን በሽታው አንድ ነው፦ ጥቂት ሰው የሚነካው ኮድ፣ ጥቂት ሰው ያነበበው ለውጥ። መስመር ሲጠፋ «ይህ ለምን ነበር?» ብለህ ጠይቅ። መልስ ካላገኘህ የድሮውን ታሪክ ቆፍር።

ከዚያ የሙከራ ፕሮግራሙን በ32 ቢት ኮምፓይል አድርገህ አስኪደው። ሳታስኪድ አትፈርም።

ፓች ልኬ አራት ቀን ሆነኝ፣ ማንም አልመለሰልኝም።

ቢያንስ ሳምንት ጠብቅ።

ለከርነል 4 የተጻፈ የዋይፋይ ድራይቨር ከርነል 6 ላይ ኮምፓይል አልሆን አለኝ። ከላይ ፕሮግራም አይሰበርም አላልክም?

ብያለሁ፣ ስለ ፕሮግራሞች ነው። በከርነሉና በድራይቨሩ መካከል ያለው የውስጥ ግንኙነት ግን እንደማይለወጥ ማንም ቃል አልገባም። ከከርነሉ ውጭ የቀረ ድራይቨር ለውጡን ራሱ መከተል አለበት። ሠሪውን ኩባንያ ጠይቅ።

የሊኑክስ ድራይቨር ኮድ ገልብጬ ለሌላ ሲስተም ብጠቀም ችግር አለው?

እንደ ፈቃዱ ነው። ፋይሉ አናት ላይ የተጻፈውን አንብብ፤ ለንግድ ከሆነ ጠበቃ አማክር።

አንዲት አንባቢ ድራይቨሩ ለፕሮግራም በሚመልሰው ስትራክት ክፍት ቦታ ውስጥ የከርነል አድራሻ የሚመስሉ ባይቶች አግኝታለች። «ገጼ ላይ ልጻፈው?» ትላለች።

አይሆንም እህቴ! ያየሽው የከርነል ማህደረ ትውስታ ውስጥ የቀረ ዳታ ሊሆን ይችላል። የከርነል አድራሻ ማወቅ ለሌላ ጥቃት መንገድ ይጠርጋል። ማስተካከያው ምናልባት ስትራክቱ ከመሞላቱ በፊት ሜምሴት በሚባለው ፋንክሽን ሙሉውን ዜሮ ማድረግ ብቻ ይሆናል፤ አባላቱን አንድ በአንድ መሙላት ክፍቱን ቦታ አያጸዳውም። ቢሆንም የአደጋውን መጠን አንቺም እኔም አንወስንም። ለድራይቨሩ ኃላፊዎችና ለከርነሉ የደህንነት ቡድን በኢሜይል ጻፊ። የከርነሉን ስሪት፣ ያየሽውን ባይትና የሞከርሽበትን ፕሮግራም አያይዢ። እስኪስተካከል የትም አትለጥፊው፣ ለእኔም ኮዱን አትላኪልኝ። ዛሬውኑ ለእነሱ ጻፊ።