የሽያጭ ተንታኝ ምን ይሠራል? ምንስ ማወቅ ይኖርበታል? ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ስለ ሽያጭ ትንተና ሥራ ጥያቄ ያላችሁ እንድታቀርቡ ጋብዤ ነበር። ተመሳሳይ የሆኑትን አጣምሬአለሁ፤ በአጭሩ የሚመለሱትን በአጭሩ አልፌ፣ ብዙ ጀማሪዎች የሚሰናከሉባቸውን ደግሞ በምሳሌ አስፍቼ ለማስረዳት ሞክሬአለሁ።

ጥያቄ፦ የሽያጭ ተንታኝ ሥራ ሪፖርት ማዘጋጀት ብቻ ይመስለኛል። ከሽያጭ ሠራተኛውና ከሒሳብ ባለሙያው የሚለየው በምንድን ነው?

ሪፖርት የሥራው የሚታየው ገጽታ እንጂ ሥራው ራሱ አይደለም። ሽያጭ ሠራተኛው ደንበኛ ፈልጎና አሳምኖ ይሸጣል፤ የሒሳብ ባለሙያው የተሸጠው በአግባቡ መመዝገቡንና ገንዘቡ መሰብሰቡን ይከታተላል፤ ተንታኙ ግን ሽያጩ ለምን ከፍ ወይም ዝቅ እንዳለ፣ ወደፊት ምን ሊሆን እንደሚችል፣ ኃላፊዎቹስ የትኛውን እርምጃ ቢወስዱ እንደሚሻል ከመረጃው ተነሥቶ ያስረዳል።

አንድ ዕቃ ባለፈው ዓመት በ50 ሒሳብ 1,000 ተሽጦ፣ ዘንድሮ በ60 ሒሳብ 900 ተሸጠ እንበል። ገቢው ከ50,000 ወደ 54,000 ስላደገ ሪፖርቱ «ሽያጭ በ8 በመቶ ጨመረ» ብሎ ሊያበቃ ይችላል። ተንታኙ የ4,000ውን ጭማሪ ከፍሎ ያየዋል፦ በዋጋ ላይ የተጨመረው 10 በ900 ሲባዛ 9,000 አስገኝቷል፤ በብዛት የጎደለው 100 ደግሞ በቀድሞው ዋጋ በ50 ሲባዛ 5,000 አሳጥቷል። በዚህ ዓይን ሲታይ ድርጅቱ ያደገው ከሚሸጠው ብዛት አንድ አሥረኛውን እያጣ ነው። በሚቀጥለው ዓመትም ዋጋ ለመጨመር ያሰበ ኃላፊ ማወቅ የሚገባው ይህንን ነው፤ «8 በመቶ» የሚለው ቁጥር ብቻውን ወደ ተሳሳተ ውሳኔ ይመራዋል። ብዙ ዓይነት ዕቃ በሚሸጥበት ቦታ ደግሞ ሦስተኛ ምክንያት ይጨመራል፤ ይኸውም ገዢዎች ከውዱ ዕቃ ወደ ርካሹ ወይም ከርካሹ ወደ ውዱ መሸጋገራቸው ነው።

ስለዚህ የተንታኝ ጥንካሬ በሚልከው የሪፖርት ብዛት ሊለካ ይገባል ብዬ አላምንም። በእርሱ ትንተና ምክንያት የተለወጠ ውሳኔ አለ ወይ? የምጠይቀው ይህንን ነው።

ጥያቄ፦ ለአንድ ወር ሽያጭ ሦስት ክፍሎች ሦስት የተለያየ ቁጥር ሰጡኝ። የትኛውን ልመን?

አብዛኛውን ጊዜ ሦስቱም ትክክል ናቸው፤ የቆጠሩት ነገር ግን አንድ አይደለም። የሽያጭ ክፍሉ የተቀበለውን ትእዛዝ፣ መጋዘኑ የወጣውን ዕቃ፣ የሒሳብ ክፍሉ ደረሰኝ የተቆረጠለትን ይቆጥራል። ተመላሽ ዕቃ መቀነሱና አለመቀነሱ፣ ቁጥሩ ከቅናሽ በፊት ወይም በኋላ መሆኑ፣ ታክስ መካተቱ፣ ወሩ የተዘጋበት ቀንም ልዩነት ይፈጥራሉ። እርስዎ ማድረግ ያለብዎት አንዱን መርጦ ሌሎቹን መጣል ሳይሆን ከአንዱ ቁጥር ወደ ሌላው የሚያደርሰውን ልዩነት በሠንጠረዥ ማሳየትና ለእያንዳንዱ መለኪያ በጽሑፍ የሰፈረ፣ ኃላፊዎቹ የተስማሙበት ትርጓሜ ማዘጋጀት ነው። «ንቁ ደንበኛ» ሲባል በ90 ቀን ውስጥ የገዛ ነው ወይስ በዓመት ውስጥ? ይህ ሳይወሰን የሚሠራ ግራፍ ሁሉ በስብሰባ መካከል ይፈርሳል።

ጥያቄ፦ ኤክሴል፣ ኤስኪውኤል፣ ፓወር ቢአይ፣ ፓይተን ሁሉንም ተማር ይሉኛል። ከየትኛው ልጀምር?

ከኤክሴል ይጀምሩ። ፒቮት ቴብል (መረጃን በየምድቡ ደምሮ የሚያሳይ ሠንጠረዥ)፣ ከአንድ ሠንጠረዥ ወደ ሌላው መረጃ የሚያመጡ ቀመሮች፣ በመስፈርት የሚደምሩ ቀመሮችና የቀን አያያዝ በደንብ ከተያዙ ብዙ ሥራ ይሠራባቸዋል። በቀን አያያዝ ላይ አጥብቄ አሳስባለሁ፤ ቀንና ወር ቦታ ተለዋውጠው የተነበቡበት ፋይል ምንም የስሕተት ምልክት ሳያሳይ የአንዱን ወር ሽያጭ በሌላው ውስጥ ይደምራል።

የኤክሴል አንድ ገጽ የሚይዘው 1,048,576 ረድፍ ነው። መረጃው ከዚህ ሲያልፍ፣ ወይም በየሳምንቱ ያንኑ ፋይል እየገለበጡ መሥራት ሲሰለች፣ ወደ ኤስኪውኤል መሸጋገር ያስፈልጋል። ኤስኪውኤል በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በአይቢኤም የተፈጠረ ቢሆንም ዛሬም መረጃን ከመረጃ ቋት የምናወጣበት ዋና ቋንቋ ነው፤ በእኔ እምነት ለዚህ ሙያ ፓይተን ከተባለው የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ይቀድማል። ከዚያ መረጃን በግራፍ ከሚያሳዩት ከፓወር ቢአይና ከታብሎ አንዱን ብቻ በደንብ ይያዙ፤ አንዱን ያወቀ ሌላውን ለመልመድ ብዙ አይቸገርም።

በኤስኪውኤል ሳለን ብዙዎችን የሚያሳስት አንድ ነገር ላንሣ። የትእዛዝ ሠንጠረዥንና የክፍያ ሠንጠረዥን አገናኝተው የትእዛዝ ዋጋ ቢደምሩ፣ በሦስት ጊዜ ክፍያ የተከፈለ ትእዛዝ ሦስት ጊዜ ይደመራል። ኮምፒዩተሩ ስሕተት አለ አይልም፤ ሽያጩ በድንገት አድጎ ይታያል። ስለዚህ ሠንጠረዦችን ከማገናኘትዎ በፊትና በኋላ የረድፎቹን ብዛትና ጠቅላላ ድምሩን ማነጻጸር የዘወትር ልማድ ይሁንልዎ።

ጥያቄ፦ በሒሳብ ደካማ ነኝ። ምን ያህል ስታቲስቲክስ ያስፈልገኛል?

ከፍተኛ ሒሳብ አያስፈልግም፤ በመቶኛና በአማካይ ላይ ግን ቸልተኝነት አይፈቀድም። በ20 በመቶ የወደቀ ሽያጭ በ20 በመቶ ቢያድግ ወደ ነበረበት አይመለስም፤ 100 የነበረው 80 ሆኖ ከዚያ 96 ላይ ይቆማል። ጥቂት ትልልቅ ገዢዎች ባሉበት የደንበኞች ዝርዝር ውስጥ አማካይ ግዢ የማንንም ደንበኛ ልማድ ላያሳይ ይችላል፤ ደንበኞቹ በግዢ መጠን ተሰልፈው መካከል ላይ የሚገኘው ዋጋ የበለጠ ይናገራል።

ከሁሉ በላይ ግን ድምር እንዴት እንደሚያታልል እንዲያጤኑ እፈልጋለሁ። ሁለት ሽያጭ ሠራተኞች እያንዳንዳቸው 120 ደንበኞችን አነጋገሩ። የመጀመሪያዋ ከ100 ትልልቅ ደንበኞች ለ30ው፣ ከ20 ትንንሾች ለ14ቱ ሸጠች። ሁለተኛው ከ20 ትልልቅ ደንበኞች ለ5ቱ፣ ከ100 ትንንሾች ለ65ቱ ሸጠ። በጠቅላላው እርሷ 44፣ እርሱ 70 ሸጠዋል፤ ማለትም እርሷ 37 በመቶ ገደማ፣ እርሱ 58 በመቶ ገደማ ተሳክቶላቸዋል። ከፋፍለን ስናየው ግን በትልልቆቹ እርሷ 30 በመቶ፣ እርሱ 25 በመቶ ሲሆኑ፣ በትንንሾቹም እርሷ 70፣ እርሱ 65 በመቶ ናቸው። በሁለቱም ወገን የምትበልጠው እርሷ ሆና ሳለ በድምሩ ያነሰችው ከባዱ ሥራ ስለተሰጣት ነው። ይህ ክስተት በ1951 እ.ኤ.አ. ስለ ጉዳዩ በጻፈው በኤድዋርድ ሲምፕሰን ስም ይጠራል። ድምሩን ብቻ ያቀረበ ተንታኝ የምትመሰገነውን ሠራተኛ ሊያስቀጣት ይችላል፤ የዚህ ሙያ ኃላፊነት በሰው እንጀራ ላይ ጭምር እንደሆነ የምናገረው ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ የሽያጭ ትንበያዬ ሁልጊዜ ይሳሳታል። የተሻለ ሞዴል ልፈልግ?

ሞዴል ከመቀየርዎ በፊት ሁለት ነገር ይመልከቱ። አንደኛ፣ ትንበያዎን «ዘንድሮ በዚህ ወር የሚሸጠው ባለፈው ዓመት በዚሁ ወር የተሸጠውን ያህል ነው» ከሚለው ተራ ግምት ጋር ያወዳድሩት፤ ይህን ማሸነፍ ካልቻለ ውስብስብነቱ አልጠቀመም ማለት ነው። ሁለተኛ፣ ስሕተቱ ወደ አንድ ወገን ያደላ መሆኑን ይመርምሩ። አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ እያለ የሚሳሳት ትንበያ የገበያውን መዋዠቅ ያሳያል፤ በየወሩ ከፍ ብሎ የሚሳሳት ግን አንድ ያልታረመ ግምት ውስጡ አለ። ምናልባት የሽያጭ ሠራተኞች ብሩህ ተስፋ ነው፤ ምናልባትም የሥራ ቀናቱ ብዛት ወይም ከዓመት ዓመት ቀኑ የሚለዋወጥ በዓል አልታሰበ ይሆናል።

ገና በድርድር ላይ ካሉ ሽያጮች ሲተነብዩ እያንዳንዱን ዋጋ በመሳካት ዕድሉ አባዝቶ መደመር የተለመደ ነው። ዕድሉ ግን ከሲአርኤም (የደንበኞችና የድርድር መረጃ መመዝገቢያ) ሶፍትዌሩ ጋር ተዘጋጅቶ ከመጣው መቶኛ ሳይሆን ከድርጅቱ ያለፈ ታሪክ መወሰድ አለበት። ደግሞም እያንዳንዳቸው 10,000 የሚያወጡ፣ 20 በመቶ ዕድል ያላቸው አሥር ሽያጮችና ይኸው ዕድል ያለው አንድ የ100,000 ሽያጭ በስሌቱ እኩል 20,000 ይሰጣሉ። አሥሩ ወደ 20,000 የቀረበ ነገር የማምጣት ዕድላቸው ጥሩ ነው፤ አንዱ ግን ወይ ምንም ወይ 100,000 እንጂ 20,000 ከቶ አያመጣም። በዚህ ቁጥር ላይ ተመሥርቶ ዕቃ የሚያዝ ወይም ሰው የሚቀጥር ኃላፊ ይህን ልዩነት ከእርስዎ መስማት አለበት። ትንበያን በአንድ ቁጥር ሳይሆን ከዚህ እስከዚህ በሚል ወሰን ማቅረብን የምመርጠውም ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ሽያጭ ሠራተኞቹ ሲአርኤሙን በአግባቡ አይሞሉም፤ እኔንም እንደ ተቆጣጣሪ ያዩኛል። ምን ላድርግ?

የሚሞሉት መረጃ እነርሱን ከመቅጣት በቀር ለምንም አገልግሎት የማይውል ከሆነ አለመሙላታቸው አያስደንቅም። በቅድሚያ የሚጠቅማቸውን ነገር ይስጧቸው፤ ለምሳሌ በየወሩ ይገዙ የነበሩና በድንገት ያቆሙ ደንበኞችን ዝርዝር በሳምንቱ መጀመሪያ ላይ ያድርሱላቸው። ከዝርዝሩ ሽያጭ ያገኘ ሠራተኛ መረጃውን ራሱ ማስተካከል ይጀምራል። እንዲሞሉ የሚጠየቁትንም ይቀንሱላቸው፤ ማንም የማያነበውን ሣጥን መሙላት ሰውን ያሰለቻል።

ከዚህ ጋር የሚያያዝ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። እንግሊዛዊው የኢኮኖሚ ባለሙያ ቻርልስ ጉድሃርት በ1975 እ.ኤ.አ. ያነሣው፣ በስሙም የሚታወቀው ሐሳብ፣ መለኪያ ራሱ ግብ ሲሆን መለኪያነቱን ያጣል በሚል ጠቅለል ተደርጎ ይነገራል። ሠራተኛው የሚመዘነው በስልክ ጥሪ ብዛት ከሆነ አጫጭር ጥሪ ይበዛል፤ በወር መጨረሻ ሽያጭ ብቻ ከሆነ የሚቀጥለው ወር ሽያጭ በቅናሽ ተስቦ ይመጣል፣ ከዚያም ተመላሽ ዕቃ ይከተላል። ስለዚህ አዲስ መለኪያ ሲያቀርቡ ሰዎች እርሱን ለማሟላት ምን ሊያደርጉ እንደሚችሉ አስቀድመው ያስቡ።

ጥያቄ፦ አለቃዬ ውጤቱ ጥሩ መስሎ እንዲታይ ግራፉን «እንዳስተካክል» ጠየቁኝ። እንዴት ልመልስ?

ቁጥሩን አይለውጡ፤ የባር ግራፉ መነሻም ዜሮ እንደሆነ ይቆይ። እንዲህ ካሉ ግን አለቃዎን ባዶ እጃቸውን አይተዉአቸው። በመረጃው ውስጥ በእውነት የተሻሻለ ነገር ካለ ፈልገው ከደካማው ጎን አብረው ያቅርቡ፤ የደከመው ለምን እንደሆነና ምን እንደታሰበ አንድ አንቀጽ ይጨምሩ። ብዙ ኃላፊዎች የሚፈሩት መጥፎውን ቁጥር ሳይሆን ማብራሪያ የሌለውን መጥፎ ቁጥር ነው።

ጥያቄ፦ ዲግሪ የግድ ነው?

ብዙ ቀጣሪዎች በቢዝነስ፣ በኢኮኖሚክስ፣ በስታቲስቲክስ ወይም በተቀራራቢ መስክ ይጠይቃሉ። የመስኩ ስም ግን ሠርቶ የማሳየትን ያህል አይመዝንም።

ጥያቄ፦ የሥራ ልምድ ሳይኖረኝ ችሎታዬን በምን ላሳይ?

በነፃ የሚገኝ እውነተኛ የሽያጭ መረጃ ወስደው ይሥሩ። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ኧርቫይን የመረጃ ማከማቻ ያለው «ኦንላይን ሪቴይል» የተባለው ስብስብ ጥሩ መነሻ ነው፤ መቀመጫውን በብሪታንያ ያደረገ የኢንተርኔት ሻጭ ከታኅሣሥ 2010 እስከ ታኅሣሥ 2011 እ.ኤ.አ. ያካሄደውን ግብይት ይዟል። የተሰረዙ ደረሰኞች፣ ከዜሮ በታች የሆኑ ብዛቶችና የደንበኛ መለያ የሌላቸው ብዙ ረድፎች አሉበት፤ ጥቅሙም እዚህ ላይ ነው፤ በሥራ ላይ የሚያጋጥምዎትም እንደዚህ ያለ መረጃ ነው። የመጨረሻው ወር ሙሉ አለመሆኑን ሳያስተውሉ ሽያጩ ወደቀ ብለው የሚደመድሙ ብዙዎች ናቸው።

ሥራዎን ሲያቀርቡ ዳሽቦርዱን (ግራፎቹ የተሰበሰቡበትን ገጽ) ብቻ አያሳዩ። መረጃውን ሲያጸዱ ምን እንዳስወጡና ለምን እንዳስወጡ፣ ከዚያም የደረሱበትን ድምዳሜ በአንድ ገጽ ይጻፉ። እኔ ተንታኝ ለመቅጠር ሳነጋግር ከሁሉ አስቀድሜ የምጠይቀው ይህንኑ ነው፦ ምን አስወጣህ? ለምን? ባታስወጣውስ ውጤቱ በምን ያህል ይለወጥ ነበር?

ጥያቄ፦ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ይህን ሥራ አይወስደውም?

ቀመር መጻፍን፣ ኮድ ማረምን፣ ሪፖርት ማርቀቅን በእርግጥ ያፈጥናል፤ እንድትጠቀሙበትም እመክራለሁ። ነገር ግን በዓመቱ መካከል ሁለት የሽያጭ ክልሎች መዋሃዳቸውን፣ ወይም አንድ ትልቅ ደንበኛ በሌላ ስም ድጋሚ መመዝገቡን ካልነገሩት አያውቅም፤ የሚሰጠው መልስም ሳያመነታ የተሳሳተ ሊሆን ይችላል። ውጤቱን ከሚታወቅ ድምር ጋር ሳያመሳክሩ አይላኩ። የደንበኞችን ስምና ዋጋም ድርጅቱ ባልፈቀደው መሣሪያ ውስጥ አያስገቡ።

ጥያቄ፦ በቅርቡ ሥራ እጀምራለሁ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ምን ላይ ላተኩር?

አንድ ትእዛዝ ከደንበኛው ጥያቄ ተነሥቶ ክፍያው እስኪገባ ድረስ የሚያልፍበትን መንገድ ሰዎቹ አጠገብ ተቀምጠው ይከተሉ፤ መረጃው የት እንደሚመዘገብ፣ ማን እንደሚያስተካክለውና የት ላይ እንደሚጠፋ ያያሉ። ቀጥለው ከእርስዎ በፊት የወጣ አንድ ወርኃዊ ሪፖርት ከጥሬ መረጃው ተነሥተው ራስዎ እንደገና ይሥሩት፤ ቁጥሩ ካልገጠመ ምክንያቱን እስኪያገኙ አይለፉት። በመጨረሻም ሪፖርት የሚደርሳቸውን ኃላፊዎች አንድ በአንድ አነጋግረው በእርሱ ላይ ተመሥርተው ምን እንደሚወስኑ ይጠይቁ። ምንም የማይወሰንበት ሪፖርት ካገኙ እንዲቀር ሐሳብ ያቅርቡ፤ የሚተርፈውን ጊዜ ውሳኔ እየጠበቀ መልስ ላጣው ጥያቄ ያውሉታል።