ቪንካው ከሥሩ ለምን ይጠቁራል?

ጥያቄ፦ የምንኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ጓሯችን ባለው የሜፕል ዛፍ ሥር ሣር አልበቅል ስላለን ከሁለት ዓመት በፊት መሬት ለመሬት የሚሳበውን፣ ሰማያዊ የሚያብበውን ቪንካ ተከልን። አምና መሬቱን ሸፍኖት ነበር። ዘንድሮ ኤፕሪል ላይ ግን ቦታ ቦታውን ቡናማ ሆኖ ደረቀ፤ አበባውም ጥቂት ነው። ማታ ማታ በስፕሪንክለር እናጠጣዋለን። ውኃ አንሶት ይሆን?

መልስ፦ ውኃ አላነሰውም፤ ይልቅስ ሳይበዛበት አልቀረም። ከደረቀው ቦታ ዳር አንድ ሐረግ ይዘው፣ ቅጠሉን ገለጥ ገለጥ አድርገው እስከ አፈሩ ድረስ ይመልከቱት። ግንዱ አረንጓዴ ሆኖ ላይ ላዩ ቅጠል ብቻ ገለባ ከመሰለ ብርድ መትቶታል፤ አፈሩ በረዶ ሲሆን ሥሩ ውኃ መሳብ ያቅተውና ነፋሱ ቅጠሉን ያደርቀዋል። ጫፉን ከርክመው ይተዉት፣ መልሶ ያቆጠቁጣል።

ግንዱ ከአፈሩ አጠገብ ጀምሮ ከጠቆረ፣ ከዚያ በላይ ያለው ከጠወለገ፣ በሞተውም ክፍል ላይ የመርፌ ጫፍ የሚያካክሉ ጥቁር ነጥቦች ካሉ ግን ፎማ የተባለው ፈንገስ ነው። እኔም ይበልጥ የምጠረጥረው እሱን ነው። ነጥቦቹ የፈንገሱን ዘር የያዙ ከረጢቶች ናቸው፤ የዝናብ ወይም የስፕሪንክለር ጠብታ ሲያርፍባቸው ዘሩ ወደ ጎረቤት ሐረግ ይፈናጠራል። ማታ የረጠበ ቅጠል ደግሞ እስኪነጋ ስለማይደርቅ ፈንገሱ ሌሊቱን ሙሉ ተመችቶት ያድራል።

ቅጠሉ በደረቀበት ቀን የታመመውን ሐረግ ከአፈሩ አጠገብ ይቁረጡ፤ ጤነኛ ከሚመስለው ዳርም አንድ አራት ኢንች ያህል ጨምረው ያንሱ። መቀሱን በየመሐሉ 70 በመቶ አልኮል ያስነኩት። የተቆረጠው በፕላስቲክ ታስሮ ወደ ቆሻሻ እንጂ ወደ ኮምፖስት አይሄድም። ከሥር የታመቀውን የሜፕል ቅጠልም ጠራርገው ያውጡ፣ በየኖቬምበሩም እንዲሁ ያድርጉ። ስፕሪንክለሩን ያቁሙት። ሁለት ዓመት የሆነው ቪንካ ውኃ የሚፈልገው ድርቁ ሲረዝም ብቻ ነው፤ ያኔም ጠዋት፣ ጎማውን አፈሩ ላይ አስተኝተው ያጠጡት።

መድኃኒት ካስፈለገ ክሎሮታሎኒል ወይም ታዮፋኔት ሜቲል ያለበት ፀረ ፈንገስ አለ። የሚረጨው አዲስ ቀንበጥ ሲወጣ ነው፤ መጠኑና የመድገሚያው ጊዜ መለያው ላይ እንደተጻፈው ይሁን። ጤነኛውን ይከላከላል እንጂ የታመመውን አያድንም። ማታ ማጠጣቱ ካልቀረ መድኃኒቱን መግዛት ገንዘብ መጣል ነው።

አበባው ያነሰው ከሕመሙ ሌላ በጥላውም ሊሆን ይችላል። ቪንካ በድቅድቅ ጥላ ይኖራል፣ ግን አያብብም። የሜፕሉን የታችኛዎቹን ቅርንጫፎች አስቆርጠው ብርሃን ያስገቡለት። የሣር ማዳበሪያ አይስጡት፤ ናይትሮጂኑ ቅጠል ያበዛና ጭራሽ አየር ያሳጣዋል። አበባው እንዳለቀ፣ ሜይ መጨረሻ ገደማ፣ ከሦስት እስከ አራት ኢንች አስቀርተው ይከርክሙት፤ ይህ በየሁለት ሦስት ዓመቱ አንዴ ይበቃል።

ባዶ የቀረውን ቦታ አሁን አይትከሉበት፤ ሴፕቴምበርን ይጠብቁ። የሜፕል ሥር ላይ ላዩን ስለሚሄድ መሬቱን አይገልብጡ፣ አፈርም አይከምሩበት፤ በሥሮቹ መሐል በትንሽ አካፋ ጉድጓድ እየከፈቱ ይትከሉ። ብዙ ሰው ቶሎ እንዲሸፍንለት በ6 ኢንች ያጠጋጋዋል፤ ፈንገስ ለገባበት ግቢ ግን 12 ኢንች ይሻላል። በዚህ ርቀት ለ100 ካሬ ጫማ 100 ችግኝ ይበቃል፣ በ6 ኢንች ቢሆን 400 ይፈጅ ነበር። መሬት የነካ አንጓ ራሱ ሥር ስለሚያወጣ፣ ሕመሙ ካልደረሰበት ጥግ ሥር ያወጣውን ቁራጭ ነቅሎ መትከልም ይቻላል። የሚገዙ ከሆነ መለያው ላይ «ቪንካ ማይነር» የሚለውን ይፈልጉ። በሜይ «ቪንካ» እየተባለ የሚሸጠው ሮዝና ነጭ አበባ ሌላ ተክል ነው፤ የመጀመሪያው ውርጭ ይገድለዋል።

ቪንካ ቢበላ መርዛማ ስለሆነ ሕፃን ወይም ውሻ እንዳያኝከው ይጠንቀቁ። በቨርጂኒያ ከወራሪ ዕፅዋት ተርታ የሚቆጠር ስለሆነም፣ ጓሮዎ ከጫካ ጋር የሚዋሰን ከሆነ በዚያ በኩል ባይተክሉት ይመረጣል። በሌላው ዳር ሐረጉ ከመስመሩ ሲያልፍ ሥር ሳይሰድ በአካፋ ይቁረጡት።