የቆዩ መኪኖች ትርዒት በድሬዳዋ፦ ከሰብሳቢዎችና ከተመልካቾች ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ክለባችን በድሬዳዋው የከዚራ ሰፈር ስለሚያሳየው የቆዩ መኪኖች ትርዒት የቀረቡልኝን ጥያቄዎች፣ በትርዒቱ መኪኖችን ከሚመረምሩት አባላት አንዱ እንደመሆኔ፣ ከዚህ በታች እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የአባቴ ፔጆ 404 ሐረር ውስጥ ታክሲ ነበረች። ሰማያዊና ነጭ ቀለሟን አስለቅቄ በአንድ ቀለም ላስቀባት?

መልስ፦ ልጄ፣ ባታደርገው እመርጣለሁ። የጣሊያኑ የመኪና ንድፍ ኩባንያ ፒኒንፋሪና የነደፈውና እ.ኤ.አ. ከ1960 ጀምሮ የተመረተው ይህ መኪና በብዙ አገር ይገኛል፤ ከሐረሩ አደባባይ ከፈረስ መጋላ ሰው ሲያመላልስ ኖሮ በባጃጅ የተተካው ግን ከነታክሲ ቀለሙ የሐረር ታሪክ ነው። እኛ የምንመረምረው የቀለሙን ማብረቅረቅ ሳይሆን ከሥሩ ያለውን ነው፤ በጨርቅ የተጠቀለለ ማግኔት በአካሉ ላይ ስናሳልፍ ስቱኮ (የላሜራ ጉድጓድ መሙያ ልጥፍ) በወፍራሙ የተሞላበት ቦታ ስለማይስብ ወዲያው ይታወቃል። ዝገቱን አስቆርጠህ በላሜራ አስበይድ፤ የደበዘዘውን ቀለም ተወው።

ጥያቄ፦ ከሐረር እየነዳሁ ልምጣ ወይስ በጭነት መኪና ላስጭነው?

መልስ፦ ጤናማ መኪና ከሆነ ይንዱት፤ ተጭኖ የመጣ መኪና ለእኔ ግማሽ መኪና ነው። የሚያሰጋው ከደንገጎ ወደ ድሬዳዋ የሚወስደው ቁልቁለት ነው። በታምቡር ፍሬን የሚሠራ የቆየ መኪና ፍሬኑ ለረጅም ጊዜ ተረግጦ ከወረደ የፍሬን ሸራው ግሎ የመያዝ ኃይሉን ያጣል፤ ሳይቀየር የከረመ የፍሬን ዘይትም እርጥበት ስለሚጠጣ በሙቀቱ ይፈላና ፔዳሉ ባዶ ይሆናል። ስለዚህ የፍሬን ዘይቱን አስቀይረው፣ ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ከባድ (ዝቅተኛ) ማርሽ አስገብተው፣ በሞተሩ እየያዙ ይውረዱ። ዳገቱን ሲመለሱ ደግሞ ችግሩ የሞተር ሙቀት ስለሚሆን ፀሐይ ስትበርድ ይነሡ፤ ሞተሩ ከጋለ ቆመው ያብርዱት እንጂ የራዲያተሩን ክዳን ወዲያው አይክፈቱ።

ጥያቄ፦ ፔጆ 404 በውድድር አሸንፏል የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው። የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ የተባለውን የረጅም ርቀት የመኪና ውድድር እ.ኤ.አ. በ1963፣ በ1966፣ በ1967 እና በ1968 አሸንፏል።

ጥያቄ፦ የምኖረው ውጭ አገር ነው፤ አንድ የቆየ መኪና ገዝቼ ለትርዒቱ ባስገባስ?

መልስ፦ በሩ የተዘጋ ያህል ነው። የ2012 ዓ.ም. የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባረጁ መኪኖች ላይ እጅግ ከባድ ታክስ ጥሏል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎችን ማስገባት ተከልክሏል። ስለዚህ አገር ውስጥ፣ በየግቢው ሸራ ለብሰው ከቆሙት መካከል ይፈልጉ። ዋጋ ከመነጋገርዎ በፊት የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር ያመሳክሩ፤ ባለቤቱ በሕይወት ከሌለ የወራሾችን ስምምነት ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ ተመልካች ልጆች መኪኖቹ ውስጥ መቀመጥ ይችላሉ?

መልስ፦ ባለቤቱን ካስፈቀዱ ይችላሉ። የድሬዳዋ ፀሐይ ላሜራውን ሳያግለው በጠዋት ይምጡ።

ጥያቄ፦ የቮልስዋገኔ ሞተር ተቀይሯል። ከውድድር ያስወጣኛል?

መልስ፦ በተመሳሳይ ዓይነት፣ በአየር በሚቀዘቅዝ የቮልስ ሞተር ከተተካ በነባሩ ምድብ ይቀርባል፤ ቢትል የሚባለው ይህ መኪና እስከ 2003 እ.ኤ.አ. በሜክሲኮ ይመረት ስለነበር ብዙ ክፍሎቹ ከዘመን ዘመን ይገጣጠማሉ። የሌላ መኪና ሞተር ከሆነ ግን በተሻሻሉት ምድብ ይመዝገቡ፤ ኮፈኑን ስናስከፍት ያኔ መከራከር ለሁላችንም አያምርም።