የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ክሪኬት ከደጋው ሜዳ

በዚህ ወር ከሰሜን ሸዋ ከደረሱን ደብዳቤዎች ስለ ክሪኬት የሚጠይቁትን መርጠናል። ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ፦ በየቡድኑ 11 ተጫዋች አለ። ቦውለሩ ከመቺው ጀርባ የቆሙትን ሦስት ችካሎች ለመምታት ኳስ ይለቃል፤ መቺው ችካሉን በባቱ (በመምቻ ዱላው) እየጠበቀ፣ ኳሱን እየመታና በመጫወቻ መስመሩ ሁለት ጫፎች መካከል እየሮጠ ነጥብ ይሰበስባል። ስድስት ኳስ አንድ ኦቨር ይባላል። ጨዋታው እንደ ዓይነቱ እስከ አምስት ቀን ይፈጃል፣ ወይም ለየቡድኑ በ50 ወይም በ20 ኦቨር ይወሰናል። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

«17 ዓመቴ ነው፤ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። የሕንድን ሊግ በስልክ እያየሁ ክሪኬት ወደድኩ። ለአገር የሚሰለፍ ተከፋይ ተጫዋች ለመሆን ከየት ልጀምር? ረፍዶብኛል?» (ከደብረ ብርሃን)

የማያስደስተውን እናስቀድም። ኢትዮጵያ የዓለም አቀፉ ክሪኬት ምክር ቤት አባል ስላልሆነች በስሟ የሚደረግ ጨዋታ ዓለም አቀፍ ተብሎ አይመዘገብም። ለሌላ አገር ለመሰለፍ ደንቡ ከሦስት ነገሮች አንዱን ይጠይቃል፦ እዚያ መወለድ፣ የአገሩን ፓስፖርት መያዝ፣ ወይም ከጨዋታው በፊት ባሉት 3 ዓመታት ቋሚ መኖሪያን እዚያ ማድረግ። ለክረምት ሄዶ መመለስ አይቆጠርም። ከአካባቢያችን ኬንያ፣ ኡጋንዳ፣ ታንዛኒያና ሩዋንዳ አባል ናቸው። ኬንያ በ2003 የዓለም ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ደርሳለች። ኡጋንዳም በ2024 የ20 ኦቨር ዓለም ዋንጫ ላይ ፓፑዋ ኒው ጊኒን አሸንፋለች። ስለዚህ በሩ ለአፍሪካ ዝግ አይደለም፤ ያንተ መንገድ ግን በድንበር በኩል ያልፋል።

መሰላሉ በየአገሩ ይመሳሰላል፦ ክለብ፣ የዕድሜ ቡድን፣ የክፍለ ሀገር ቡድን፣ ሁለተኛው ብሔራዊ ቡድን፣ ከዚያ ዋናው። ብዙዎች የሚቀሩት ሦስተኛው እርከን ላይ ነው፤ መራጮች የአንድ ቀን ጀግንነት ሳይሆን የበርካታ የውድድር ዘመናት ቁጥር ነው የሚያዩት።

ዕድሜን በተመለከተ መልሱ ለመቺና ለቦውለር ይለያያል። በ140 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የተለቀቀ ኳስ መቺው ዘንድ የሚደርሰው ግማሽ ሰከንድ ገደማ በሚሆን ጊዜ ነው። ዓይን ኳሱን እስከ መጨረሻው ተከትሎ አይዘልቅም፤ መቺው ከቦውለሩ እጅና ትከሻ አስቀድሞ ያነባል። ይህ ንባብ ከልጅነት ጀምሮ በሺህ የሚቆጠር ኳስ በማየት የሚገኝ ነው፤ ለዚህ በእርግጥ ረፍዷል። ቦውለር ለመሆን ግን 17 ዓመት ይበቃል። ትንፋሽማ አያሳስብህ፦ የሕንድ ክሪኬት ቦርድ (ጨዋታውን በአገሩ የሚያስተዳድረው አካል) በ2021 ለፈጣን ቦውለሮች ያወጣው መለኪያ 2 ኪሎ ሜትርን በ8 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ መጨረስ ነበር። ይህን በደብረ ብርሃን ሯጮች ፊት ጮክ ብለህ አታንብብ።

የሚያስቸግረው ክርን ነው። ከብት ሲጠብቅ ድንጋይ እየወረወረ ያደገ ልጅ ክንዱ ጠንካራ ነው፤ ሲወረውር ግን ክርኑን አጥፎ ይዘረጋል። በክሪኬት ክንድ ከትከሻ እኩል ከሆነበት ቅጽበት ኳሱ እስኪለቀቅ ድረስ ክርን ከ15 ዲግሪ በላይ ሊዘረጋ አይችልም። ስለዚህ ሳትሮጥ ከቆምክበት ጀምር። ክንድህ ጆሮህን ታክኮ ይለፍ፤ ከጎንና ከኋላ በስልክ አስቀርጸህ በዝግታ እየው። ክርኑ ሲስተካከል አራት እርምጃ፣ ከዚያ ስምንት ጨምር። ከመቺው ችካል ከ6 እስከ 8 ሜትር ላይ ጆንያ አንጥፍ፣ 36 ኳስ ልቀቅ፣ ጆንያው ላይ ያረፈውን በደብተር መዝግብ። ፍጥነት የሚጨመረው ከግማሽ በላዩ ጆንያው ላይ ማረፍ ሲጀምር ነው። ቆዳ ኳስ ባይኖርህ በኤሌክትሪክ ፕላስተር የተጠቀለለ የቴኒስ ኳስ ይሠራል፤ የካራቺ ሰፈሮች ልጆች የሚጫወቱት በእሱ ነው።

«ሴት ልጄ ይህን ስፖርት ትወደዋለች። እንጀራ ይሆናል? ስንት ዓመትስ ይቆያል?» (ከሸዋ ሮቢት)

እንጀራነቱ በአገሩ ይወሰናል። በሕንድ አንድ ተጫዋች ለአንድ የአምስት ቀን ጨዋታ 1.5 ሚሊዮን ሩፒ፣ ለ50 ኦቨር 600,000፣ ለ20 ኦቨር 300,000 ይከፈለዋል። በ2022 ቦርዱ ለሴቶችም ይህንኑ ተመን አጽድቋል። ከዚያ በታች ባለው የክፍለ ሀገር ውድድር እስከ 20 ጨዋታ ያደረገ ወንድ ተጫዋች ተመን በቀን 40,000 ሩፒ ሆኖ ተወስኗል። በሊጉ ጨረታ የተሰማው ትልቁ ዋጋ በኅዳር 2024 ሪሻብ ፓንት የተገዛበት 270 ሚሊዮን ሩፒ ነው፤ በእሱ ግን ማንንም አይመዝኑ። ምክር ቤቱን በኋላ በተቀላቀሉ ትንንሽ አገሮች ብዙ ተጫዋች ሌላ ሥራ ደርቦ ነው የሚጫወተው።

ዕድሜው እንደ ሰው አካል ነው። የሕንዱ መቺ ሳቺን ቴንዱልካር በ16 ዓመቱ ጀምሮ በ40 ዓመቱ አቆመ፤ የእንግሊዙ ቦውለር ጄምስ አንደርሰን 188 የአምስት ቀን ጨዋታ ተጫውቶ በ41 ዓመቱ ወጣ። ሁለቱም እንግዳ ፍጥረቶች ናቸው። በቦርድ ውል የታሰረ ተጫዋች በውጭ ሊግ ለመሰለፍ ቦርዱ «አልቃወምም» ብሎ የሚጽፍለት ደብዳቤ ያስፈልገዋል፤ ያለ እሱ የፈረመ ራሱን ያስቀጣል። ሌላው ወጣቱ የማያውቀው ነገር ቤቲንግ ነው፦ ዓለም አቀፍ ተጫዋች በየትኛውም የክሪኬት ጨዋታ ላይ አንድ ብር እንኳ መወራረድ አይፈቀድለትም፤ በጨዋታ ቀንም ስልኩን አስረክቦ ነው መልበሻ ክፍል የሚገባው።

«ከገና ጨዋታችን በምን ይለያል?» (ከመሐል ሜዳ)

ዱላና ኳስ መኖሩ ብቻ ነው የሚያመሳስላቸው። ገና ላይ ሁሉም ሩሩን ያሳድዳል፤ ክሪኬት ላይ በአንድ ጊዜ ሁለት መቺ ብቻ ነው ሜዳ ላይ ያለው፣ የቀሩት ተራቸውን ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ። ደግሞ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» እዚህ አይሠራም፤ በዳኛው ውሳኔ ፊቱን ያጠቆረ ተጫዋች ከጨዋታ ክፍያው እስከ 50 በመቶ ሊቀጣ ይችላል።

«ታናሽ ወንድሜ 15 ዓመቱ ነው። በየቀኑ እስኪመሽ በፍጥነት ቦውል ያደርጋል። አሁን ወገቤን ይላል፤ ልከልክለው?» (ከደብረ ሲና፣ እህቱ)

ዛሬውኑ አስቁሚው። የፈጣን ቦውለር የፊት እግር ሲያርፍ ከሰውነቱ ክብደት በርካታ እጥፍ ጫና ይቀበላል፤ በዚያው ቅጽበት ወገቡ ወደ ኋላና ወደ ጎን ይታጠፋል። ገና ባልጠነከረ አጥንት ላይ ይህ ሲደጋገም የታችኛው አከርካሪ ይሰነጠቃል። ምልክቱ በአንድ ጎን የሚሰማ ሕመም ነው፤ በቀኝ እጁ ቦውል ለሚያደርግ ብዙውን ጊዜ በግራ ወገብ በኩል ይሆናል፣ ወደ ኋላ ሲለጠጥም ይብሳል። ራጅ በመጀመሪያው ጊዜ ስንጥቁን ላያሳይ ስለሚችል «ራጁ ደህና ነው» ተብሎ ወደ ሜዳ እንዳይመለስ፤ ሐኪሙን ስለ ኤምአርአይ ጠይቂው። ስንጥቅ ከሆነ መድኃኒቱ የወራት ዕረፍት ነው። ማሸት አይጠግነውም።

ፈጣኑ ቦውለር ፓት ከሚንስ በ2011 በ18 ዓመቱ ጆሃንስበርግ ላይ ለአውስትራሊያ ተሰልፎ የጨዋታው ኮከብ ሆነ። ከዚያ ወገቡ ተሰንጥቆ ሁለተኛውን የአምስት ቀን ጨዋታ ያደረገው በመጋቢት 2017 ነው።

ሲድን ልኩን ጠብቂለት። የእንግሊዝ ቦርድ የወጣቶች መመሪያ ለ14 እና 15 ዓመት ልጅ በአንድ ዙር (ዕረፍት ሳይወስድ በሚለቅበት ጊዜ) 6 ኦቨር፣ በቀን 12 ብሎ ገድቧል፤ ለ16 እና 17 ዓመት ዙሩ 7፣ የቀኑ 18 ነው። ሲመለስ ከእነዚህም በጣም ዝቅ ብሎ ይጀምር። አጥንት የሚሰብረው አንዱ ነገር ከዕረፍት በኋላ በአንድ ጊዜ ወደ ቀድሞው መጠን መዝለል ነው።

«የስፖርት መምህር ነኝ። አፈራችን መረሬ ነው፤ በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ይውጣል። የመጫወቻ መስመር መሥራት ይቻላል?» (ከእነዋሪ)

መምህር፣ የሚገርመው ትልልቆቹ ስታዲየሞች የሚፈልጉት ሸክላ የበዛበትን አፈር መሆኑ ነው። ግን እዚያ ከባድ ሮለርና ውሃውን በየቀኑ የሚለካ ሠራተኛ አለ። ያለ እነዚህ መረሬ ላይ የነጠረ ኳስ ስንጥቅ አግኝቶ ፊት ላይ ይወጣል። አርማታ ይሥሩ።

ከሣር ውጭ ለሚሠራ መስመር ሕጉ የሚጠይቀው ቢያንስ 17.68 ሜትር ርዝመትና 1.83 ሜትር ስፋት ነው። በሁለቱ ችካሎች መካከል 20.12 ሜትር ስለሆነ ችካሎቹ ከአርማታው ጫፍ 1.22 ሜትር ወጥተው አፈር ላይ ይተከላሉ። ቁመታቸው 71.1 ሳንቲ ሜትር፣ የሦስቱ ጠቅላላ ስፋት 22.86 ነው። መስመሩን ከሰሜን ወደ ደቡብ ያስተኙት፤ የማታ ፀሐይ መቺውን እንዳያሳውረው።

መረሬውን ቢያንስ 50 ሳንቲ ሜትር ቆፍረው ያውጡ፤ ከተዉት በክረምት አብጦ አርማታውን ይሰነጥቀዋል። ጉድጓዱን በገረጋንቲ ይሙሉ፤ 15 ሳንቲ ሜትር እያፈሰሱ፣ ውሃ እያርከፈከፉ ይጠቅጥቁ። በጎኑ የውሃ መውረጃ ቦይ ይቅደዱ፤ ይህን የእነዋሪ ገበሬ ከማንም በላይ ያውቀዋል። አርማታው 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ይኑረው፦ 3.24 ሜትር ኩብ ይሆናል። በ1 ለ2 ለ4 ድብልቅ (ሲሚንቶ፣ አሸዋ፣ ጠጠር) ባለ 50 ኪሎ 21 ከረጢት ያህል ሲሚንቶ ይፈጃል፤ 22 ይግዙ። በየ3 ሜትሩ መገጣጠሚያ ይተዉ፤ ወደ አንድ ጎን 2 ሳንቲ ሜትር ያዘንብሉት። ቢያንስ 7 ቀን በረጠበ ጆንያ ይሸፍኑ። በኅዳርና በታኅሣሥ አይሙሉ፤ የሌሊቱ ውርጭ ያልጠነከረ አርማታ ያረግፋል። የግድ ከሆነ ማታ ማታ ላስቲክና ወፍራም ጭድ ያልብሱት።

የሚረሳው ጫፉ ነው። የቦውለሩ የፊት እግር የሚያርፈው እዚያው ነውና አርማታውና አፈሩ እኩል ካልሆኑ ቁርጭምጭሚት ይዞራል። ዙሪያውን በጠጠርና በቀይ አፈር ሞልተው በየሳምንቱ ይደልድሉ። ላዩ ላይ የቃጫ ምንጣፍ ወጥሮ ማሰር ጥሩ ነው፤ የላላ ምንጣፍ ግን ከባዶ አርማታ ይብሳል።

«ኳሱ ቲቪ ላይ እንደማየው በአየር ላይ ለምን አይታጠፍም?» (ከደብረ ብርሃን)

አየራችሁ ስለሳሳ ነው። በ2,800 ሜትር ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠለሉ በሩብ ያህል ይቀላል፤ ኳሱን የሚገፋው ነገር ያንሳል፣ የተመታ ኳስ ደግሞ ርቆ ይሄዳል። 1,750 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ጆሃንስበርግ በመጋቢት 2006 አውስትራሊያ በ50 ኦቨር 434 አስቆጥራ ደቡብ አፍሪካ በ438 አሸንፋለች፤ ከፍታው ብቻውን ባያደርገውም ረድቷል። ኳስ ሲታጠፍ ማየት ከፈለጋችሁ ወደ ሸዋ ሮቢት ውረዱ።

«ዘመዴ ከዱባይ ባት ላከልኝ፤ ከመጫወትህ በፊት ተልባ ዘይት ቀባው አለኝ። የእኛው ተልባ ይሆናል?» (ከጫጫ)

ይሆናል፤ ዘይቱ ካልተቆላ ተልባ ተጨምቆ የወጣና ያልፈላ ከሆነ። የባቱ ፊት በላስቲክ ከተሸፈነ ግን ፊቱን ተወው። አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል በጨርቅ ፊቱን፣ ጠርዞቹንና ጀርባውን ቀባ፤ እጀታውን፣ እጀታው የገባበትን ስንጥቅና ተለጣፊውን አትንካ። አግድም አስተኝተህ 24 ሰዓት ተወው፣ በለስላሳ ብርጭቆ ወረቀት ጠረግ አድርገህ ድገመው። ከሦስት ጊዜ በላይ ዘይት የጠጣ ባት ይከብዳል፣ ኳስም አያስፈነጥርም።

ከዚያ በእንጨት መዶሻ በጠቅላላው 6 ሰዓት ያህል፣ በየጊዜው 10 ወይም 15 ደቂቃ እያልክ ምታው። ቀስ ብለህ ጀምር፤ ጠርዙን በቀጥታ ሳይሆን በማዕዘን ለብ ለብ እያደረግህ አጠጋጋው። አሮጌ ኳስ ፊቱ ላይ ጉድጓድ መተው ሲያቆም ደርሷል። የቀባህበትን ጨርቅ ጠቅልለህ አትጣል፤ የተልባ ዘይት ሲደርቅ ይሞቃል፣ የተጠቀለለ ጨርቅም በራሱ ሊነድ ይችላል። ዘርግተህ ከቤት ውጭ አድርቀው።