ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ ላበጠ እግር የሚሆን ቡትስ ከየት ይገኛል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። አባቴ ምሥራቅ ጎጃም የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። ዕድሜያቸው ወደ 60 እየተጠጋ ነው። ሁለቱም እግራቸው ካበጠ ብዙ ዓመት ሆነው። ግራው ይብሳል። ጣቶቻቸው ላይ እንደ ኪንታሮት ያለ እባጭ ወጥቷል። አገሬው ዝሆኔ ይለዋል። ዕድሜ ልካቸውን በባዶ እግር ነው ያረሱት፤ ድሮ ለበዓል ብቻ የሚያደርጓት ኮንጎ ጫማ 42 ቁጥር ነበረች። እኔ አዲስ አበባ ነው የምሠራው። ባለፈው ክረምት 45 ቁጥር የጎማ ቦት ጫማ ገዝቼ ላክሁላቸው። ከፊት ባዶ ሆነ፣ ከላይ ደግሞ አልገባ አለ። በግድ አስገብተው እርሻ ሲውሉ እግራቸው ተላጠ። ከዚያ ወዲህ ጫማ ሲባል መስማትም አይፈልጉም። እህቴ በጥር ትዳራለች፤ እሳቸው ግን “በዚህ እግሬ ሰው ፊት አልቆምም” ብለዋል። ጥሩ ቡትስ ላሠራላቸው እፈልጋለሁ። ከየት ላግኝ? ደግሞ በዘር ይመጣል የሚባለው እውነት ነው? ታናሽ ወንድሜ እንደሳቸው በባዶ እግሩ ነው የሚያርሰው።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ብሩን ለጊዜው ያዘው። ጫማውን አሁን አታሠራ።

ምክንያቱ ቀላል ነው። የአባትህ እግር ሊቀንስ ይችላል። ዛሬ ተለክቶ የተሠራ ቡትስ ከሦስት ወር በኋላ ይሰፋቸዋል። የሰፋ ጫማ ደግሞ ከጠበበው ባልተናነሰ ይልጣል፣ ያደናቅፋልም። ደብዳቤህ የደረሰኝ በመስከረም ነው። እስከ ጥር ያለው ጊዜ ይበቃናል፤ መጀመሪያ እግሩን እናሳንስ፣ ከዚያ እናስለካ።

በደብዳቤ ምርመራ አይደረግም፤ ነገር ግን የጻፍከው ሁሉ ፖዶኮኒዮሲስ (በአጭሩ ፖዶ) ወደሚባለው በሽታ ይመራል። በአገራችን ወደ 1.5 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው እንዳለበት ይገመታል። ትንኝ አያመጣውም፣ ከሰው ወደ ሰውም አይጋባም። የሚመጣው ከአፈሩ ነው። እሳተ ገሞራ ከፈጠረው ዓለት የሚገኘው ቀይ ሸክላ አፈር ውስጥ በዓይን የማይታዩ የማዕድን ብናኞች አሉ። በባዶ እግር ለዓመታት ሲረገጥ በቆዳው ያልፋሉ፣ ፈሳሽ የሚመልሱትን ቀጫጭን የሊምፍ ቧንቧዎች ያስቆጣሉ፣ ቀስ በቀስም ይዘጓቸዋል። ወደ ላይ መመለስ ያለበት ፈሳሽ እግር ላይ ይቀራል። ዝሆኔ የሚባለው ሌላም በሽታ አለ። እሱ በትንኝ የሚተላለፍ ሲሆን የሚበዛው በቆላ ነው። ሕክምናው ስለሚለያይ መለየቱ አስፈላጊ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጉዞ ወደ ጫማ ሰፊ ሳይሆን ወደ ጤና ጣቢያ ነው። እዚያ ሦስት ነገር እንዲታይላቸው ጠይቅ። አንደኛ፣ እብጠቱ ከልብ፣ ከኩላሊት ወይም ከጉበት አለመሆኑ። ሁለተኛ፣ ስኳር። ሦስተኛው ብዙ ጊዜ ይረሳል፦ ጣታቸውና ውስጥ እግራቸው ሲነካ ይሰማቸዋል ወይ? በፖዶ የእግር ስሜት አይጠፋም። ከጠፋ ሥጋ ደዌ ወይም የስኳር ጉዳት ሊሆን ስለሚችል ጉዳዩ ሌላ ነው፤ የማይሰማው እግር ጫማ ሲቆርጠው ባለቤቱ አያውቅም።

አሁን ወደ ማሳነሱ። ሕክምናው ያን ያህል የተራቀቀ አይደለም። የሚከብደው በየቀኑ ማድረጉ ነው። ማታ ማታ እግራቸውን በሳሙናና በንጹሕ ውኃ ይታጠቡ። በእባጮቹ መካከል ያለውን ስንጥቅ በለስላሳ ጨርቅ ገባ ብሎ ማጽዳት ነው፤ ላይ ላዩን ማለቅለቅ አይበቃም። ቀጥሎ ጤና ባለሙያው በሚነግራቸው መጠን በረኪና ጠብ በተደረገበት ውኃ ውስጥ እግራቸውን ይዘፍዝፉ። መጠኑን በግምት እንዳታደርጉት፣ ይለበልባል። ከዚያ የጣቶቻቸው መሀል ሳይቀር በደንብ ይደርቅ፤ የቀረች እርጥበት ፈንገስ ታመጣለች። በመጨረሻ ቫዝሊን ወይም የታዘዘላቸውን ቅባት ይቀቡ። ሲቀመጡ እግራቸውን በርጩማ ላይ፣ ሲተኙ ደግሞ ከመኝታው ግርጌ ከፍ አድርገው ያሳርፉ። ፋሻ ከታዘዘ አስተሳሰሩን ባለሙያ ያሳያችሁ፤ ከጣት ተጀምሮ ወደ ላይ ይጠመጠማል፣ ወደ ላይ ሲሄድም እየላላ ነው።

ይህ ቤት ውስጥ የሚሠራ ነገር ስለሆነ የሚናቅ ይመስላል። እዚያው ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ ተሠርቶ በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ነበር። እንዲህ ያለ እንክብካቤ፣ ካልሲና ጫማ ያገኙት ሰዎች ካላገኙት ይልቅ እግራቸው እየተቆጣ የሚጥላቸው ጊዜ ቀንሶላቸዋል። በሁለት በሦስት ወር ውስጥ ልስላሴውን በእጅህ ትለየዋለህ። ጠንካራዎቹ እባጮች ግን በእጥበት አይጠፉም። ጫማ የሚከለክሉ ከሆነ ሆስፒታል ውስጥ በማደንዘዣ የሚነሱበት መንገድ አለ፤ ይህን ጠይቅ። በምላጭ ልቁረጠው የሚል ዘመድ ግን አይጠጋ!

የላክኸው 45 ለምን እንዳልሆነ ላስረዳህ። የጫማ ቁጥር የሚነግርህ ርዝመትን ብቻ ነው። እኛ አገር በሚሠራበት የአውሮፓ አቆጣጠር አንድ ቁጥር ማለት 6.7 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ከ42 ወደ 45 ስትወጣ ጫማው በ2 ሴንቲ ሜትር ረዘመ። የአባትህ እግር ግን አልረዘመም። የወፈረው ከላይና ከጎን ነው። የጫማው ዙሪያ በየቁጥሩ የሚጨምረው ጥቂት ሚሊ ሜትር ስለሆነ ላበጠ እግር ምንም አይደለም። 46ም 47ም ብትገዛ ያው ነው፤ ከፊት ጀልባ፣ ከላይ ደግሞ ወጥመድ ይሆናል። የእሳቸው እግር ምናልባት ዛሬም 42 ነው።

እግሩ ሲቀንስ፣ በኅዳር መጨረሻ ወይም በታኅሣሥ መጀመሪያ በለው፣ ቤት ሄደህ ለካቸው። ከሰዓት በኋላ ይሁን፣ እግር በጠዋትና በማታ አንድ አይደለምና። ፋሻ የሚያስሩ ከሆነ ከነፋሻውና ከነካልሲው ለካ። ወረቀት መሬት ላይ አንጥፈህ አቁማቸው፤ ተቀምጠው አይሆንም፣ ክብደት ሲያርፍበት እግር ይዘረጋል። እርሳሱን ቀጥ አድርገህ ዙሪያውን ሳል። ሁለቱን እግር ለየብቻ። ቀጥሎ በልብስ ሰፊ ሜትር ዙሪያውን ለካ፦ በጣቶቹ ሥር፣ በእግሩ ጀርባ ላይ፣ ከተረከዝ ተነስተህ በቁርጭምጭሚቱ ፊት ዞረህ፣ በመጨረሻም ከቁርጭምጭሚቱ በላይ። ትልቁ እባጭ ያለበትን ቦታ ወረቀቱ ላይ ምልክት አድርግና ከመሬት ስንት ሴንቲ ሜትር ከፍ እንዳለ ጻፍ። ይቺ ቁጥር ከሁሉም ትበልጣለች። ጫማው ከላይ የሚጫናቸው እባጩ ላይ ነውና።

ወረቀቱን ይዘህ በትዕዛዝ የሚሠራ ጫማ ሰፊ ፈልግ። ሱቅ ውስጥ ደርድሮ የሚሸጠውን ሳይሆን ራሱ ፎርማ (የእግር ቅርጽ ያለው የጫማ መሥሪያ) ላይ የሚሠራውን። መርካቶም ደብረ ማርቆስም እጁ የተባረከ ሰው አታጣም። መጀመሪያ ግን ጤና ጣቢያው ለፖዶ ሕሙማን ጫማ የሚያሠራ ማኅበር ካወቀ ይጠቁምህ። ወላይታ ውስጥ ሞሲ ፉት የሚባለው ድርጅት ሕሙማኑን ራሳቸውን ጫማ መስፋት አሠልጥኖ ያሠራ ነበር። ያ ሙያ ለእንደዚህ ዓይነት እግር ትልቅ ነገር ነው።

ለሰፊው እንዲህ በለው። ርዝመቱ የ42 ፎርማ ይሁን፣ በሰፋበትና በእባጩ ቦታ ፎርማው ላይ ቆዳ እየደረበ ያወፍረው። ከረጅሙ ጣት ፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ይተርፍ። ቆዳው ለስላሳ ይሁን፤ እባጩ ባለበት በኩል ስፌት እንዳያልፍ። ክሩ እስከ ጣቶቹ ድረስ ወርዶ ይከፈት። ያበጠ እግር እንደ ጤነኛው ተጣጥፎ አይገባም፣ ጫማው ነው መጽሐፍ ገለጥ እንደማድረግ ተከፍቶ የሚቀበለው። ምላሱ ከግራና ከቀኝ ከቆዳው ጋር ተሰፍቶ ይያያዝ፤ አፈር በክሩ መሀል እንዳይገባ። ጫማውን የምናደርገው ከአፈሩ ለመጠበቅ አይደል? ሶሉ ወፍራም ጎማ፣ ሰፊና የማያንሸራትት ይሁን፤ ታኮው አጭር። የቡትሱ አፍ ከቁርጭምጭሚቱ እጥፋት በላይ አልፎ ይለቅ። እጥፋቱ ላይ ካረፈ በየእርምጃው ይበላቸዋል።

ሁለቱ እግሮች እኩል ስላልሆኑ ግራና ቀኙ ለየልክ መሠራት አለበት። “አንድ ላይ ልሥራቸው፣ ይቀልሃል” ካለህ ሌላ ሰፊ ፈልግ።

መጀመሪያ ሲሞክሩት እቤት ውስጥ፣ በንጹሕ ጥጥ ካልሲ፣ አንድ ሰዓት ያህል ብቻ። ከዚያ ይውለቅና እግሩን ብርሃን ላይ እዩት። የቀላ ወይም የተጋጠ ቦታ ካለና ግማሽ ሰዓት ቆይቶም ካልጠፋ ጫማው ወደ ሰፊው ይመለሳል። “ቀስ በቀስ ይለምዳል” የሚለውን አትስማ። የጫማው ቆዳ ትንሽ ወደ ጎን ይሰፋ ይሆናል እንጂ ለዚህ እግር የምንጠብቅበት ጊዜ የለንም፤ አንድ ቁስል የሦስት ወሩን ሥራ ያበላሻል።

እርሻው ሌላ ጣጣ ነው። ጭቃ ላይ የቆዳ ቡትስ አይሆንም፣ ይበሰብሳል። የጎማ ቦት ለሰዓታት ይቻላል፤ ነገር ግን አፉ ሰፊ የሆነውን መርጦ፣ ከጉልበት በታች ያለው ጠርዝ ካስቸገረ በመቀስ ዝቅ አድርጎ ቆርጦ፣ ካልሲ አድርጎ ነው። ጎማ ላብ ይይዛል። ከእርሻ እንደተመለሱ ወዲያው አውልቀው ይታጠቡ፣ ካልሲውም ይለወጥ። ቦቱ ተዘቅዝቆ ይደር።

አንድ ማስጠንቀቂያ። እግራቸው ድንገት ቢግል፣ ቢቀላ፣ ትኩሳትና ብርድ ቢመጣ፣ ብሽሽታቸው ቢያብጥ፣ “ምች ነው” ተብሎ በዳማከሴ ብቻ እንዳይታለፍ። በዚያ ጊዜ ጫማም ፋሻም አይደረግም። እግራቸውን ከፍ አድርገው ይረፉ፣ ቀዝቃዛ እርጥብ ጨርቅ ይደረግላቸው፣ ወደ ጤና ጣቢያም ይሂዱ፤ አንቲባዮቲክ ሊያስፈልግ ይችላል። አንድ እግር ብቻ፣ ባቱ በድንገት ካበጠና ካመመ፣ ወይም ትንፋሽ ካጠረ ደግሞ ለነገ አይባልም።

በዘር ይመጣል ወይ ላልከው፦ በሽታው ራሱ አይወረስም። ለአፈሩ ተጋላጭነቱ ግን በቤተሰብ ይሄዳል። ወላይታ ውስጥ የተደረገና በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ የዘረ መል ጥናት ይህንን አሳይቷል። ጎረቤት ለጎረቤት አንድ መሬት እያረሰ አንዱ አብጦ ሌላው የሚድነው ለዚህ ነው። የእህትህ ትዳርም በዚህ ምክንያት የሚታማ ከሆነ ለአማቾቹ ይህን ንገራቸው፦ ጫማ ያደረገና እግሩን የታጠበ ሰው፣ አባቱ ቢታመምም፣ እሱ አይታመምም።

ታናሽ ወንድምህን እንግዲህ እንዳትረሳው። የእሱ እግር ገና ጤነኛ ስለሆነ ትዕዛዝም ልኬትም አያስቸግርህም። ለእርሻው የጎማ ቦት፣ ለሌላው ቀን ድፍን ጫማ ከነካልሲው በዚህ ሳምንት ግዛለት።