ከዶላር በፊት በምን ይገበያዩ ነበር?

ሰላም ወንድሜ፣ አሜሪካኖች ዶላር ሳይኖራቸው በምን ይገበያዩ ነበር ላልከው፣ እንደየቦታው ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ትምባሆ ራሱ ገንዘብ ነበር፤ ከ1696 (እ.ኤ.አ.) ሕግ ወዲህ የአንድ ቄስ የዓመት ደመወዝ 16,000 ፓውንድ (በክብደት) ትምባሆ ነበር። (ቅጠሉ የማይረባ ከሆነ እንግዲህ የቄሱ ዕድል ነው!) ያኔ አገሩ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ቢሆንም የእንግሊዝ ሳንቲም እንደልብ አይገኝም፤ የተገኘውም ለዕቃ ክፍያ ተመልሶ ለንደን ይገባል። ስለዚህ ገበያውን የያዘው ሜክሲኮና ፔሩ አካባቢ የሚመታው የስፔን የብር ሳንቲም ነው። ዝርዝር ሲጠፋ በመሮ ስምንት ቦታ ይቆርጡታል፤ ሁለት ቁራጭ ሩብ መሆኑ ነው። ይህ ብር አሜሪካ ውስጥ እስከ 1857 (እ.ኤ.አ.) በሕግ ይሠራ ነበር። "ዶላር" የሚለው ስም ራሱ የመጣው "ታለር" ከሚባለው የድሮ የአውሮፓ የብር ሳንቲም ነው፤ አያቶቻችን የሚያውቁት የማሪያ ትሬዛ ጠገራ ብርም ታለር ነው።