ጥያቄ አለኝ፦ ቴንዱልካር 24 ዓመት እንዴት ዘለቀ?

ጥያቄ፦ ሳቺን ቴንዱልካር ለሕንድ ብሔራዊ የክሪኬት ቡድን 24 ዓመት ተጫውቷል ሲባል ሰምቼ አላመንኩም። እውነት ነው? ከሆነስ እንዴት ቻለው?

መልስ፦ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 ካራቺ ላይ ከፓኪስታን ጋር ሲሰለፍ ገና 16 ዓመቱ ነበር፤ የተሰናበተው በ2013 በትውልድ ከተማው ሙምባይ ነው። በዚያ በመጀመሪያው ጉዞ ሲያልኮት ላይ የፓኪስታኑ ኳስ ወርዋሪ የዋቃር ዩኒስ ኳስ አፍንጫው ላይ አርፋ ደም በደም አደረገችው። አልወጣም ብሎ 57 ነጥብ አስቆጠረ።

እኔን ግን ከጀግንነቱ ይልቅ ብልሃቱ ይደንቀኛል። 2004 ሲድኒን ተመልከቱ። ከዚያ በፊት በነበሩት ጨዋታዎች ከሰውነቱ ራቅ ብላ የምትመጣውን ኳስ ወደፊት ተዘርግቶ ለመምታት ሲሞክር በተደጋጋሚ ከጨዋታ ወጥቷል። ምን አደረገ? ያንን ምት፣ ያውም ከሚታወቅባቸው አንዱን፣ እርግፍ አድርጎ ተወው። ኳሷን ዝም ብሎ ያሳልፋታል። ወርዋሪዎቹ ታክቷቸው ወደ እግሩ ሲያጠጉለት ያን ጊዜ ይመታታል። ከ10 ሰዓት በላይ እንዲህ ቆሞ 241 ነጥብ ይዞ፣ ማንም ሳያስወጣው ጨረሰ። ለአውስትራሊያ ወርዋሪዎች አዝኛለሁ!

ቀሪው ቁጥር ነው፦ 200 የቴስት ግጥሚያ (እስከ አምስት ቀን የሚዘልቀው ማለት ነው)፣ 15,921 ነጥብ፣ በቴስትና በአንድ ቀን ጨዋታ በድምሩ 100 ጊዜ መቶ ነጥብ። ከ99ኛው በኋላ መቶኛውን አንድ ዓመት ጠብቆታል። በ2012 ባንግላዴሽ ላይ ሲያገኘው ደግሞ ሕንድ ጨዋታውን ተሸነፈች።